የአሜሪካ የወሊድና የፅንስ ማቋረጥ አኃዝ በዘር ሲከፋፈል ምን ይነግረናል?

በዩናይትድ ስቴትስ ስለ ወሊድና ስለ ፅንስ ማቋረጥ አዲስ አኃዝ በወጣ ቁጥር አንድ ሠንጠረዥ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛዎች ይዛመታል። ይህ ሠንጠረዥ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሂስፓኒክና እስያዊ ተብለው የተመደቡ ሴቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ነው። አጭር በመሆኑ በቀላሉ የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር በምን እንደተካፈለ፣ ከየትኞቹ ግዛቶች እንደተሰበሰበና ማን ከቆጠራው ውጭ እንደቀረ ካልታወቀ፣ ከአንዱ ሠንጠረዥ ተነሥተው ሁለት ሰዎች ፍጹም የሚቃረን መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ማብራሪያ ፅንስ ማቋረጥ ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም። ዓላማው በቡድኖች መካከል የሚታየው ልዩነት እውነተኛ መሆኑን፣ ልዩነቱም የሚጀምረው አንዲት ሴት ክሊኒክ ከመድረሷ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑን ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድኖቹ እንዴት ተከፋፈሉ?

የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰዎችን በዘርና በብሔረሰባዊ ምንጭ የሚመድቡት በ1977 ወጥቶ በ1997 በተሻሻለ አንድ ወጥ መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ ዘር ማለት በደም ምርመራ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም፤ ሰውዬው ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ ነው። ሂስፓኒክ የሚለው መጠሪያ ደግሞ ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኩባና ከሌሎች የስፓኒሽ ባህል ካላቸው አገሮች የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩትን የሚመለከት በመሆኑ፣ አንድ ሰው ሂስፓኒክም ጥቁርም፣ ወይም ሂስፓኒክም ነጭም ሊሆን ይችላል። ሪፖርቶቹ ይህን መደራረብ ለማስቀረት ብዙውን ጊዜ ሂስፓኒኮችን በቅድሚያ ለይተው ካወጡ በኋላ የቀሩትን ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ እያሉ ይከፋፍላሉ።

የተወለደ ሕፃን የሚመዘገበው በእናቱ ዘር ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው በ1989 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአባትም ዘር ከግምት ይገባ ነበር። ስለዚህ የጥቁሮች ወሊድ ሲባል ጥቁር ነን ብለው ካስመዘገቡ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ማለት እንጂ፣ ሕፃናቱ ራሳቸው ሲያድጉ ማን ነን እንደሚሉ የሚገልጽ አይደለም።

ብዛት፣ ምጣኔና ንጽጽር ለምን ይምታታሉ?

አብዛኛው አለመግባባት የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ከአራት ሄክታር 40 ኩንታል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ቢያመርቱ በብዛት የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ በሄክታር ሲሰላ ግን የሁለተኛው ምርት እጥፍ ነው። በዚሁ መንገድ ብዛት የሚነግረን በዓመቱ ውስጥ ስንት ወሊድ ወይም ስንት ፅንስ ማቋረጥ እንደተመዘገበ ብቻ ሲሆን፣ ምጣኔ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 44 ዓመት ለሆነ 1,000 ሴቶች አካፍሎ ያሳያል። የተለያየ የሕዝብ ብዛት ያላቸውን ቡድኖች ማወዳደር የሚቻለው በምጣኔ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ንጽጽር ነው፤ ይህም በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አንጻር ስንት ፅንስ እንደተቋረጠ ይገልጻል። ንጽጽር ሲነበብ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የተቋረጠው ፅንስ ብዛት ምንም ሳይለወጥ የሚወልዱት ሴቶች ከቀነሱ ብቻ ንጽጽሩ ከፍ ይላል። የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ለ2020 ያወጣው ንጽጽር ለጥቁር ሴቶች 426፣ ለነጭ ሴቶች 118 ነበር። 426 ማለት ከ1,000 እርግዝና 426ቱ ተቋረጠ ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ወሊዱና የተቋረጠው ሲደመር 1,426 ስለሚሆን፣ ሳይታሰብ የሚቋረጠውን እርግዝና ትተን ስናሰላ ድርሻው ወደ 30 በመቶ ይሆናል። ይህ ልዩነት በየክርክሩ መድረክ ሲዘነጋ በተደጋጋሚ ይታያል።

አኃዙን ማን ይሰበስባል? ለምንስ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች እንሰማለን?

የወሊድ መረጃ አስተማማኝ ነው፤ እያንዳንዱ ሕፃን የልደት ምስክር ወረቀት ስለሚወጣለት የአገሪቱ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል ሙሉ ቆጠራ ማድረግ ይችላል። የፅንስ ማቋረጥ መረጃ ግን እንዲህ አይደለም። ሲዲሲ ከ1969 ጀምሮ ሪፖርት ቢያወጣም ግዛቶች መረጃውን የሚልኩት በፈቃደኝነት በመሆኑ፣ በሕዝብ ብዛት አንደኛ የሆነችው ካሊፎርኒያ ለብዙ ዓመታት ከቆጠራው ውጭ ሆናለች። ዘርን ለይተው የሚልኩት ግዛቶች ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ጉትማከር ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በበኩሉ ክሊኒኮችንና ሐኪሞችን በቀጥታ እየጠየቀ ስለሚቆጥር የሚያገኘው ድምር ከፍ ይላል። ለ2020 የጉትማከር ድምር ወደ 930,000 ሲጠጋ፣ የሲዲሲው በ2021 626,000 ገደማ ነበር። የጉትማከር አቋም የመምረጥ መብትን የሚደግፍ መሆኑ ይታወቃል፤ ሆኖም ቆጠራውን ከሁለቱም ወገን ያሉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

የካሊፎርኒያ አለመኖር የዘር ድርሻውንም ያዛባል። ከግዛቲቱ ነዋሪ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ሂስፓኒክ ሲሆን ጥቁሮች ግን ከስድስት በመቶ ገደማ አይበልጡም። ይህች ግዛት ስትወጣ የሂስፓኒኮች ድርሻ ያንሳል፤ የጥቁሮች ድርሻ ይገዝፋል። ለምሳሌ በ2014 ጥቁር ሴቶች በሲዲሲ ሪፖርት 36 በመቶ ያህሉን ሲይዙ፣ ጉትማከር በዚያው ዓመት በመላ አገሪቱ ባደረገው የታካሚዎች ጥናት ግን ድርሻቸው 28 በመቶ፣ የነጮች 39 በመቶ፣ የሂስፓኒኮች ደግሞ 25 በመቶ ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል፤ የቆጠሩት ሕዝብ ግን አንድ አይደለም።

የወሊድ ቁጥር ወዴት እያመራ ነው?

በ2007 በአሜሪካ 4.3 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ተወለዱ፤ ይህም በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በ2023 ግን ቁጥሩ ወደ 3.6 ሚሊዮን ወርዷል። አንዲት ሴት አሁን ባለው ሁኔታ በሕይወት ዘመኗ ስንት ልጅ ትወልዳለች የሚለውን የሚገምተው ጠቅላላ የወሊድ ምጣኔም በ2007 ከነበረበት ከሁለት በላይ ወደ 1.6 ገደማ ዝቅ ብሏል። ያለ ስደተኞች ሕዝቡ በነበረበት እንዲቀጥል 2.1 ያስፈልጋል።

ቅነሳው ቡድኖቹን አቀራርቧቸዋል፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለውም ይህንን ነው። ጥቁር ሴቶች ከነጮች እጅግ የበዛ ልጅ ይወልዳሉ የሚለው አስተሳሰብ ዛሬ ከአኃዙ ጋር አይገጥምም፤ በ2022 የጥቁሮቹ ጠቅላላ ምጣኔ ወደ 1.6፣ የነጮቹም ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ነበር። የእስያውያን 1.4 ገደማ፣ የሂስፓኒኮች ደግሞ ከሁለት ትንሽ ያነሰ ሲሆን፣ ከ2.1 በላይ የሆነው በቁጥር አነስተኛ የሆኑት የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጆች ብቻ ናቸው። እጅግ ፈጥኖ የወረደው የሂስፓኒኮች ምጣኔ ነው፤ በ2007 ወደ ሦስት ተጠግቶ ነበር። ከ2008 ጀምሮ የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ከሜክሲኮ የሚመጣው ስደተኛ መቀነስና በአሜሪካ ተወልደው ያደጉት የስደተኞቹ ሴቶች ልጆች ዘግይተው መውለዳቸው በአንድነት ለዚህ ምክንያት ሆነዋል።

ከሁሉም ቡድን ዘንድ የታየው ትልቁ ለውጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጃገረዶች ወሊድ መቀነሱ ነው። በ1991 ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ 1,000 ልጃገረዶች ወደ 62 የሚሆኑት ይወልዱ ነበር፤ በ2023 ግን 13 ገደማ ብቻ ናቸው። በ2024 ጊዜያዊ መረጃ ጠቅላላው ወሊድ አንድ በመቶ ያህል ጨምሯል፤ ጭማሪው የመጣው ግን ከሂስፓኒክና ከእስያዊ እናቶች ሲሆን የጥቁር እናቶች ወሊድ አራት በመቶ ቀንሷል።

ወሊድ የቀነሰው ፅንስ ማቋረጥ ስለበዛ ነው?

አይደለም። በጉትማከር ቆጠራ በ2008 ወደ 1.2 ሚሊዮን ፅንስ ማቋረጥ የተመዘገበ ሲሆን በ2017 ወደ 862,000 ወርዷል፤ በዚያው ዘመን ወሊድም ከ4.2 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 3.9 ሚሊዮን ገደማ አሽቆልቁሏል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መቀነሳቸው የሚያሳየው እርግዝናው ራሱ መቀነሱን ነው። እንደ ሉፕና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ዓይነት ለዓመታት የሚያገለግሉ የወሊድ መከላከያዎች በስፋት መወሰዳቸው፣ በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግም ከ2012 ጀምሮ አብዛኛው መድን ያለተጨማሪ ክፍያ መከላከያ እንዲሸፍን ማድረጉ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1973 ሮ ቪ ዌድ በተባለው ውሳኔ መብቱን በመላ አገሪቱ ካጸና በኋላ የፅንስ ማቋረጥ ምጣኔ በ1980 እና በ1981 ከ1,000 ሴቶች 29 ገደማ ደርሶ ነበር፤ በ2017 ወደ 13.5 ሲወርድ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

በቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ?

በ2021 ዘርን ለይተው ሪፖርት ባደረጉት ግዛቶች የፅንስ ማቋረጥ ምጣኔ ከ1,000 ጥቁር ሴቶች 28.6፣ ከሂስፓኒኮች 12.3፣ ከነጮች 6.4 ነበር። የጥቁሮቹ ከነጮቹ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ስለ ባህል ወይም ስለ አስተሳሰብ መናገር ይጀምራል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ወገን ሆን ብሎ ሌላውን ለማጥፋት ያቀደው ነው ይላል። ሁለቱም ከአኃዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ ማን ሳያስብ ያረግዛል ብለው አይጠይቁም።

ያልታቀደ እርግዝና ማለት እናቲቱ በዚያ ጊዜ ያልፈለገችው ወይም ጭራሹን ያላሰበችው እርግዝና ነው። በ2011 በተጠናው መረጃ የዚህ ዓይነት እርግዝና ከ1,000 ጥቁር ሴቶች 79፣ ከሂስፓኒኮች 58፣ ከነጮች 33 ላይ ደርሷል። ሰዎቹ በዘር ሳይሆን በገቢ ሲከፋፈሉ ግን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ከድህነት ወለል በታች ከሚኖሩት 1,000 ሴቶች 112 ሲሆን፣ ገቢያቸው ከድህነት ወለሉ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ በሆነው ዘንድ 20 ብቻ ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች የድህነት መጠን ከነጮች ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ በዘር የተጻፈው ልዩነት አንዱ ክፍል በእርግጥ የገቢ ልዩነት ነው። ገቢ ሁሉን ነገር አያብራራም፤ የመኖሪያ አካባቢ፣ የጤና መድን መኖርና አለመኖር፣ ከሐኪም ጋር ያለው መተማመን፣ የትዳር ሁኔታና ዕድሜም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

መተማመን የሚለው ቃል በከንቱ የገባ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በደቡባዊ ግዛቶች ድሆች ጥቁር ሴቶች፣ በፖርቶ ሪኮ ደግሞ በ1965 ከእናቶች ሲሶ ያህሉ እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እንደነበር የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹም የሚደረግላቸውን በቅጡ ሳይረዱ ነበር። አንድ ማኅበረሰብ ይህን እያስታወሰ የወሊድ መከላከያ ሲቀርብለት ቢጠራጠር አያስደንቅም።

ፅንስ የሚያቋርጡት ባብዛኛው ትንንሽ ልጃገረዶች ናቸው የሚለው ግምትም አይሠራም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ናቸው። በ2014ቱ የጉትማከር ጥናት 59 በመቶዎቹ ቀድሞውኑ ቢያንስ አንድ ልጅ የወለዱ እናቶች ሲሆኑ፣ 75 በመቶዎቹ ደግሞ ድሃ ወይም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ። በ1976 የጸደቀው የሃይድ ድንጋጌ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በጣም ውስን ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር ለፅንስ ማቋረጥ እንዳይውል ስለሚከለክል፣ የድሆች መድን የሆነው ሜዲኬይድ በብዙ ግዛቶች ወጪውን አይሸፍንም። ይኸው ሜዲኬይድ ግን በአገሪቱ ካለው ወሊድ ከአሥሩ የአራቱን ወጪ ይከፍላል።

መውለዱም ቢሆን ለሁሉም እኩል ደኅና አይደለም። በ2023 በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱ እናቶች ከ100,000 ወሊድ ለነጮች 14.5 ሲሆኑ ለጥቁሮች 50.3 ነበሩ። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት የጥቁር እናቶች ሕፃናትም በምጣኔ ከነጮቹ ሁለት እጥፍ ይበልጣሉ። በእኔ አስተያየት የፅንስ ማቋረጥን ሠንጠረዥ ያለዚህ ሠንጠረዥ ማሳተም ግማሹን ታሪክ ብቻ መናገር ነው።

ከ2022ቱ ውሳኔ በኋላ ምን ተለወጠ?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 24 ቀን 2022 ዶብስ በተባለው ጉዳይ የ1973ቱን ውሳኔ ሽሮ ሥልጣኑን ለየግዛቶቹ መለሰ። ከዚያ በኋላ ከአሥር በላይ ግዛቶች ፅንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከለከሉ፤ አብዛኞቹም በደቡብ ይገኛሉ። ከአሜሪካ ጥቁሮች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚሁ ደቡብ በመሆኑ፣ በሕጉ ውስጥ ስለ ዘር አንድም ቃል ሳይኖር ጫናው በዘር እኩል ሳይሆን ቀርቷል። ሂስፓኒኮች የሚበዙባት ቴክሳስም ከመስከረም 2021 ጀምሮ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የሚደረገውን አግዳ ነበር።

አንባቢን የሚያስገርመው የአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር አለመቀነሱ ነው። በጉትማከር ቆጠራ በ2023 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የተከለከለባቸው ሴቶች ወደ ሌላ ግዛት መጓዛቸው፣ በሚፌፕሪስቶንና በሚሶፕሮስቶል የሚደረገው በመድኃኒት ማቋረጥ በ2023 63 በመቶ መድረሱ፣ ሐኪምን በቪዲዮ ወይም በስልክ አማክሮ መድኃኒቱን በፖስታ መቀበል መቻሉና አንዳንድ ግዛቶች ይህን የሚያደርጉ ሐኪሞቻቸውን የሚጠብቅ ሕግ ማውጣታቸው ለዚህ ምክንያት ናቸው።

ይህ ማለት ግን ክልከላው ለውጥ አላመጣም ማለት አይደለም። ተመራማሪዎች እገዳው ባይኖር ኖሮ ስንት ወሊድ ይጠበቅ እንደነበር ካለፉት ዓመታት አካሄድ አስልተው ከእውነተኛው ጋር ያነጻጽራሉ። በየካቲት 2025 በጃማ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጥብቅ እገዳ ባለባቸው 14 ግዛቶች የወሊድ ምጣኔው ከሚጠበቀው 1.7 በመቶ ከፍ ማለቱን፣ ይህም ወደ 22,000 ተጨማሪ ወሊድ እንደሆነ ገልጿል። በዚያው ወቅት የሕፃናት ሞት ከሚጠበቀው 5.6 በመቶ፣ ለጥቁር ሕፃናት ደግሞ ወደ 11 በመቶ ጨምሯል፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት በማህፀን ሳሉ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ያለባቸው ፅንሶች እስከ መወለድ መድረሳቸው ነው። ከዚያ ቀደም ሲል የ2023ን የመጀመሪያ ስድስት ወራት የመረመረ ሌላ ጥናት የወሊድ ጭማሪው ለሂስፓኒክ ሴቶች 4.7 በመቶ መድረሱን አግኝቷል። ከቴክሳስ ተነሥቶ ወደ ሚፈቀድበት ግዛት ለመድረስ የሚያስፈልገው መንገድ፣ ከሥራ መቅረትና የልጆች ጠባቂ ማግኘት ለሁሉም እኩል አይቻልም።

ኢትዮጵያውያን እናቶች የት ይቆጠራሉ?

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት በልደት ምዝገባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ተብላ ትመደባለች። ከአሜሪካ ጥቁሮች ከአሥሩ አንዱ ያህል በውጭ አገር የተወለደ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቹ በባርነት ከመጡት ጋር በአንድ ረድፍ ተደምሮ ይቆጠራል። የልደት ምስክር ወረቀቱ የእናትን የትውልድ አገር ስለሚመዘግብ ተመራማሪ ሲፈልግ ሊለየው ይችላል፤ በየዓመቱ የሚታወጀው ዋና ሠንጠረዥ ግን አይለየውም። በመሆኑም 28.6 የሚለው ምጣኔ ስለ ኢትዮጵያውያን፣ ስለ ሶማሌዎች ወይም ስለ ናይጄሪያውያን ሴቶች ለብቻቸው የሚናገረው ነገር የለም፤ ማንም ወደ እነርሱ ሊያዞረው አይገባም።

በመጋቢት 2024 የጸደቀው አዲሱ መመሪያ ይህን በከፊል ይለውጣል። ዘርና ሂስፓኒክነት በአንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ እስካሁን ነጭ ይባሉ የነበሩት የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ተወላጆች የራሳቸው ክፍል ይኖራቸዋል፤ በየክፍሉ ሥርም ዝርዝር ምንጭ ይጠየቃል። በጥቁሮች ክፍል ውስጥ በምሳሌነት በስም ከተጠቀሱት መካከል ኢትዮጵያዊ የሚለው አንዱ ነው። መመሪያው ሲጸድቅ መሥሪያ ቤቶቹ ወደዚህ አሠራር እንዲገቡ እስከ መጋቢት 2029 ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ወደ አዲሱ አሠራር ከገቡ በኋላ የሚወጡት ሠንጠረዦች ከቀድሞዎቹ ጋር በቀጥታ ሊወዳደሩ ስለማይችሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት የጨመረ ወይም የቀነሰ ቁጥር ሲታይ ለውጡ ከሴቶቹ ሕይወት መምጣቱን ወይስ ከመጠይቁ መለወጥ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።